ሰም፣ ጣውላና ጥቁር አሸዋ

አሸዋ ላይ መንሸራተትን የተማርኩት በሰው አገር፣ የሰው ድስት ልጠብቅ ሄጄ ነው።

ዓረብ አገር ተቀጥሬ የሠራሁባቸው ሰዎች ሙቀቱ ቀለል ሲል ድንኳን ጭነው ወደ በረሃ ይወጡ ነበር። እኔም ከድስቶቹ ጋር አብሬ እጫናለሁ። ሩዙን የምቀቅለው፣ ሥጋውን የማገላብጠው፣ ሻዩን የማመላልሰው እኔ ነኝ። የቤቱ ትልቋ ልጅ በዕድሜ እኩያዬ ናት። ድንኳኑ ገና ሳይተከል ከመኪናው ጣሪያ ላይ አፍንጫው ወደ ላይ ቀና ያለ ረጅም ጣውላ ታወርድና የአሸዋውን ኮረብታ እያለከለከች ትወጣዋለች። ጫፉ ላይ ስትደርስ እግሮቿን በማሰሪያው አጥብቃ ቁልቁል ትለቀቃለች። መጀመሪያ ያየሁ ቀን የወደቀች መስሎኝ ጭልፋዬን ጥዬ ሮጥኩ። እሷ ግን እየተንሸራተተች መጥታ እግሬ ሥር ቆመችና ሳቀችብኝ።

ከዚያ ወዲያ ለእኔም አንድ ሥራ ተጨመረልኝ። ጣውላው ከመውረዱ በፊት ሆዱ፣ ማለትም አሸዋውን የሚነካው ጎኑ፣ ሰም መቀባት አለበት። ሰሙ በትንሽ ጣሳ ታሽጎ ከሱቅ ይገዛል። "ቀቢልኝ" ትለኛለች፤ እቀባለሁ። ስቀባ ስቀባ እጄ ነገሩን ለመደው። ስስ አድርጌ በመዳፌ ሙቀት ሳሸው ጣውላው ሩቅ ይሄዳል። ካወፈርኩት አሸዋው ይለጠፍበትና ይጎተታል። ልጅቱም ይህን ሳትታዘብ አልቀረችም። "ወንድሜ ሲቀባው ይይዘኛል፣ አንቺ ስትቀቢው ይበራል" አለችኝ አንድ ቀን።

በዚያው ቀን ነው "ነይ፣ አንቺም ውጪ" ያለችኝ።

"ድስት ጥጃለሁ" አልኳት።

"ድስቱ የትም አይሄድም።"

ወጣሁ። መጀመሪያ ስወርድ በአፍጢሜ ተደፋሁ፤ አሸዋ በአፌም በአፍንጫዬም ገባ። ሁለተኛ ስሞክር ጉልበቴን አጠፍ አደረግሁና ቆሜ ወረድኩ። ታች እስክደርስ ቆሜ! በዚያ አገር ሳለሁ ሁልጊዜ የሚጠራኝ ሰው ነበር። ከወጥ ቤት እጠራለሁ፣ ከሰገነት እጠራለሁ፣ እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርገኝ እጠራለሁ። በዚያች ቁልቁለት ላይ ግን ነፋሱ ጆሮዬን ሞልቶት ማንም ቢጠራኝ አልሰማም ነበር። ልጅቱ ከላይ ሆና "የት ነው የተማርሽው?" ብላ ጮኸች። እንዴት ብዬ ላስረዳት? ደብረ ታቦር ተወልዶ ያደገ ሰው እግሩ ከዳገትና ከቁልቁለት ጋር ነው የሚያድገው።

ከዚያ በኋላ በወጣን ቁጥር ሥራዬን ቶሎ ጨርሼ እወርዳለሁ። ሰሙ ያለቀብን ጊዜ የድንኳኑን ሻማ ቀባሁበትና ሠራ። ይህን ማንም አላስተማረኝም። ወደ አገሬ ስመለስ ሻንጣዬ ውስጥ ብዙ ነገር አልነበረም፤ ይህ ዕውቀት ግን ነበረኝ።

አባቴ አናጢ ናቸው። ደብረ ታቦር ከተማ ውስጥ በርና መስኮት፣ አልጋና ጠረጴዛ የሚሠሩበት ትንሽ ቤት አላቸው። እናቴን አንች፣ አባቴን አንቱ እያልኩ ነው ያደግሁት። እንደተመለስኩ ምን እንደምሠራ ግራ ሲገባኝ "እስክታስቢ ድረስ ብርጭቆ ወረቀት ያዥ" አሉኝ። ያዝኩ። የተላገውን እንጨት በብርጭቆ ወረቀት እያለሰለስኩ፣ ቫርኒሽ እየቀባሁ ከረምኩ። ሥራውን ወደድኩት። ሰው ግን ዝም አይልም። "ከዓረብ አገር መጥታ እንጨት ትፈትጋለች" ይባላል። አባቴ ሲሰሙ መላጊያቸውን ጠበቅ አድርገው ይገፋሉ።

አንድ የበጋ ጠዋት የባሕር ዛፍ ጣውላ ልናመጣ በአይሱዙ ወደ ጋሳይ ስንሄድ፣ ከመንገዱ ዳር ድሮ ለመንገድ ሥራ ጠጠር ሲቆፈርበት የነበረ ኮረብታ አየሁ። ልጅ ሆኜ ስንት ጊዜ በአጠገቡ አልፌያለሁ። ያን ቀን ግን እንደ አዲስ ነው ያየሁት። ግማሹ ተቆርጦ፣ ከተቆረጠው በኩል ጥቁር ደቃቅ አሸዋ ከጫፍ እስከ ግርጌ ተንዶ ወርዷል። ትምህርት ቤት ሳለን መምህሮቻችን ከዚያው በላይ የሚታየው ጉና በጥንት ዘመን እሳት የተፋ ተራራ ነው ይሉን ነበር። አሸዋውም የዚያ እሳት ዱቄት ይሆናል።

"አባዬ፣ ያን አሸዋ አዩት?"

"አየሁት፤ ምን አለው? ለግንብ አይሆንም፣ ልል ነው። ቢሆንማ እስካሁን ይተርፍ ነበር?"

"እሱ ላይ መንሸራተት እችላለሁ።"

አባቴ ወደ እኔ ዞረው አዩኝ። ሾፌሩም በመስታወቱ አየኝ። ስንመለስ ጣውላው ላይ ተቀምጬ ያን ኮረብታ እስኪሰወርብኝ ድረስ ሳይ ነበር።

በማግስቱ ሥራ ከጀመርኩ በኋላ ለአባቴ ሳልናገር ከተረፈ የዋንዛ እንጨት ጣውላ ቆረጥኩ። ፊቱን አሾልኬ፣ ሆዱን አለስልሼ፣ ከመኪና ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ የእግር ማሰሪያ ሠራሁለት። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጓደኛዬን ይዤ ሄድኩ። ይች ጓደኛዬ እንደ እኔው ከዓረብ አገር ተመልሳ ፀጉር ቤት የከፈተች ናት። ከኮረብታው ግርጌ ገብስ የዘራ አንድ ገበሬ አገኘንና ፈቃድ ጠየቅነው። "ገብሱን አትርገጡብኝ እንጅ አሸዋው የማንም አይደለም" አለን። ወጣሁ፣ ቆምኩ፣ ለቀቅሁ። ጣውላው ንቅንቅ አላለም። በእጄ ብገፋው፣ ብዘል፣ ጓደኛዬ ከኋላ ብትገፋኝ እንደ እምቢተኛ አህያ ቆመ። ዋንዛ ጥሩ እንጨት ነው፤ ግን ከባድ ነው፣ አሸዋውም በእንጨቱ ቀዳዳ ሁሉ ገብቶ ይይዘዋል። ጓደኛዬ መሬት ላይ ተቀምጣ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

ቀጥዬ የዘይት ጀሪካን ቀድጄ፣ በፈላ ውሃ ዘርግቼ ከሥሩ መታሁበት። ይህኛው ተንቀሳቀሰ፤ ሆኖም ፕላስቲኩ ተጨማዶ የምስማሩ ራስ እየወጣ አሸዋውን ማረስ ጀመረ። ከዚያ ቆርቆሮ አለበስኩት። ቆርቆሮው ፍጥነት ሰጠኝ፤ መቼም ያን ያህል ይፈጥናል ብዬ አላሰብኩም። መሃል ላይ ስደርስ ጠርዙ አሸዋው ውስጥ ተሰካና እኔ ያለ ጣውላው ጉዞዬን ቀጠልኩ። ስነሳ የእጄ አንጓ አብጧል።

ወጌሻው እጄን በቅቤ እያሸ "ከምን ወደቅሽ?" ሲለኝ ጓደኛዬ ቀድማኝ "ከቆርቆሮ ላይ" ብላ ነገረችው። ቤት ስገባ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። እናቴ "በስመ አብ!" እያለች ክንዴን ታገላብጣለች። አባቴ ከደጅ ገብተው አናቴ ላይ ቆሙ።

"በሰው በረሃ ስንት ዘመን በሰላም ኖረሽ፣ አገርሽ ገብተሽ ልትሰበሪ?"

"ወለምታ ነው አባዬ፣ አልተሰበርኩም።"

"ዛሬ አልተሰበርሽም። ነገስ?"

እጄ እስኪድን ድረስ ስለ አሸዋ የተነሳ ነገር አልነበረም። አባቴ ሥራ ቤት ጥግ የጣልኳቸውን ጣውላዎች አልፈው አልፈው ይሄዱ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግን ቫርኒሽ በግራ እጄ እየቀባሁ ሳለ ያን የቆርቆሮውን ጣውላ አንስተው ገለበጡት። ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ።

"የነሱ ከሥሩ ምን ነበረው?" አሉኝ።

"ምኑ?"

"በዚያ አገር የምትወርዱበት። ሆዱ ምን ለብሷል?"

አሰብኩ። ያን ሆድ ስንት ጊዜ በመዳፌ አሽቼዋለሁ። "ልሙጥ ነው። ጠንካራ ነው። እንደ... እንደ ቢሮ ጠረጴዛ ፊት" አልኳቸው፤ ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ሁለታችንም ወደ አንድ ጥግ ዞርን። እዚያ ለአንድ መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ስንሠራ የተረፈ አረንጓዴ ፎርማይካ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል።

አባቴ መጋዛቸውን አነሱ።

ያን ጣውላ የሠራነው አብረን ነው። እሳቸው ስስ ኮምፔርሳቶ ደራርበን ብናጣብቅ ከአንድ ወፍራም እንጨት ይልቅ ቀላልም ጠንካራም እንደሚሆን ነገሩኝ። አፍንጫው ቀና እንዲል ደግሞ የባሕር ዛፍ ግንድ አጋድመን፣ ኮላ የተቀባውን ንብርብር እሱ ላይ አጉብጠን፣ በገመድና በሞርሳ ማጥበቂያ አሰርነው፤ ከላይ የስንዴ ኩንታል ጫንበት። እናቴ ስንዴዋን ልትወስድ መጥታ "እህሌን ምን አደረጋችሁት?" ስትል አባቴ "ትንሽ ታገሽ፣ አንድ ነገር ያስተካክላል" አሏት። ሲደርቅ ፎርማይካውን ለጠፍንበት። ጠርዙን እኔ ነኝ ያለሰለስኩት። ሦስት ዓይነት ብርጭቆ ወረቀት እየለዋወጥኩ፣ ክንዴ እስኪዝል፣ ጣቴን ስሰድበት ምንም እስከማይሰማኝ ድረስ። አባቴ ወስደው ዳሰሱት። መልሰው ሰጡኝ። ከአባቴ ዘንድ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው፤ የማይወዱትን ሥራ አይመልሱም፣ ራሳቸው ይደግሙታል።

ቀጥሎ ሰሙ ነበር። እናቴ ከማኅበርተኞቿ ጋር ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ ትሠራለች፤ ቤታችን ሰም አይጠፋም። ትንሽ ብለምናት ቆጣ አለች።

"መቅደስ የሚበራውን ሰም እግርሽ ሥር ልታደርጊው?"

እውነቷን ነው፤ ተውኩት። ከሰፈራችን ጠጅ ቤት ሄጄ ጠጅ ሲጣራ የሚቀረውን ሰፈፍ ለመንኩ። በፈላ ውሃ አቅልጬ፣ በጨርቅ አጥልዬ ንጹሕ ቢጫ ሰም አወጣሁ። ሽታው ደስ ይላል። አሸዋው ላይ ግን የማይሆን ሆነ፤ የማር ሰም ገር ነው፣ ፀሐይ ሲነካው ይጣበቃል፣ አሸዋው እንደ ሰሊጥ ተለጠፈበት። ሻማ ሞከርኩ። ሻማ ደረቅ ነው፤ መጀመሪያ ስወርድ እንደ መብረር አደረገኝ፣ ሁለተኛው ቀዘቀዘ፣ ሦስተኛው ላይ ጣውላው ከነጭራሹ ቆመ። ሰሙ ተፋፍቆ አልቋል። አንዱ አይለቅም፣ አንዱ አይቆይም። እንግዲያው ለምን አላቀላቅላቸውም አልኩ።

መቀላቀሉ ቀላል አልነበረም። ሰሙ ሲበዛ ይጣበቃል፣ ሻማው ሲበዛ ይፋፋቃል። በየሳምንቱ እሑድ ከጓደኛዬ ጋር ልዩ ልዩ ድብልቅ በጨርቅ ጠቅልለን እንወጣለን። ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ እለቀቃለሁ፣ ታች የቆምኩበት ላይ ጓደኛዬ ድንጋይ ታስቀምጣለች። ድንጋዮቹ ወደ ገብሱ ማሳ እየተጠጉ ሲሄዱ እሷ ከታች ሆና ታጨበጭባለች። ጧት ማለዳ በውርጭ የረጠበ አሸዋ ምንም ቢቀባ እንደማይለቅ፣ ፀሐይ ካረፈበት በኋላ ግን ሌላ አሸዋ እንደሚሆን ያወቅነው ያኔ ነው።

ሰሙን ፎርማይካው ላይ ለማስረግ መጀመሪያ የከሰል ካውያ ተጠቀምኩ። ካውያው ሲያርፍበት ኮላው ፈልቶ ፎርማይካው እንደ ቂጣ አበጠ። አባቴ አይተው ራሳቸውን ያዙ። ያን ጣውላ እንደገና ነው የሠራነው። መፍትሔው የተገኘው ጓደኛዬ ፀጉር ቤት ውስጥ ነው። ፀጉሯን ልትሠራ የመጣች ሴት ፊት ጣውላውን ወንበር ላይ አጋደምኩና ጓደኛዬ የፀጉር ማድረቂያውን ወደ ሆዱ አዞረችው። ሰሙ ቀስ እያለ ቀለጠ፣ እንደ ቅባት ተዘረጋ፣ ሲቀዘቅዝ በጨርቅ አሸሁት፤ ፊቴን አየሁበት። ደንበኛዋ "እሱን ቅባት ለእኔም ፀጉር አድርጉልኝ" ስትል ሦስታችንም በሳቅ ፈነዳን።

በሚቀጥለው እሑድ የገበያ ቀን ባይሆንም ከዘመድ ጥየቃ የሚመለሱ ሰዎች በመንገዱ ያልፉ ነበር። ከላይ ሆኜ እግሬን ሳስር ጥቂት ሴቶች ቆም ብለው ሲያዩኝ አየሁ። አንዷ "ምን ሆና ነው እዚያ የወጣችው?" ስትል ይሰማኛል። ለቀቅሁ። ገና ስነሳ አውቄዋለሁ፤ ጣውላው ድምፅ አልነበረውም። ሌላ ጊዜ ከሥሬ የሚሰማኝ ያ የመፋቅ ድምፅ ጠፍቶ፣ ሐር ሲቀደድ የሚሰማውን የመሰለ ቀጭን ሽውታ ብቻ ቀረ። ጉልበቴን አጥፌ ወደ ግራ ዘነበልኩ፣ ጣውላው ታዘዘኝ። ወደ ቀኝ ዘነበልኩ፣ ታዘዘኝ። ድንጋዮቹን ሁሉ አልፌ ወደ ገብሱ ተጠግቼ ቆምኩ። ከዚያ እነዚያ የማላውቃቸው ሴቶች እልል አሉ። ለሠርግ፣ ለጥምቀት፣ ለወለደች ሴት ሲባል የማውቀው እልልታ ነው፤ ለእኔ ተብሎ ሲሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ከበረሃዋ ልጅ የተበደርኩት ነገር አልነበረም ያን ቀን። ጣውላው የእኛ፣ ሰሙ የእኛ፣ አሸዋውም የእኛ ነው።

ጓደኛዬ በስልኳ ቀርጻ ኖሮ ለሰው ላከችው። ሰው ለሰው አስተላለፈው። ጥቂት እንደቆየ ከባሕር ዳር አንድ ወጣት ደወለልኝ። ውጭ አገር ተምሮ የመጣ ነው፤ እዚያ ሲንሸራተት የኖረበት በፋብሪካ የተሠራ ጣውላ እቤቱ አቧራ ጠጥቶ ተቀምጧል። "አገራችን ውስጥ አሸዋ መኖሩን አላውቅም ነበር። መጥቼ ላየው?" አለኝ።

ይህን ለአባቴ ስነግራቸው መላጊያቸውን አቆሙ። እስከዚያ ቀን ድረስ አንድም ጊዜ ኮረብታው ላይ መጥተው አያውቁም፤ ስጠይቃቸው "ሥራ አለብኝ" ነው መልሳቸው። እወድቃለሁ ብለው ፈርተው እንደሆነ አውቃለሁ። አሁን ግን "የፋብሪካው ጣውላ አብሮት ይመጣል?" አሉኝ።

"ይመጣል።"

"እንግዲያስ ልየው።"

መጡ። ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ከዘራቸውን ይዘው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ወጣቱ እጅ ነስቶ ጣውላውን አቀበላቸው። ገለበጡት፣ በጣታቸው አንኳኩት፣ ወደ ጆሯቸው አስጠጉት፣ አፍንጫውን ወደ ፀሐይ አድርገው በአንድ ዓይናቸው አዩ። "የተማረ እጅ ነው የሠራው" አሉና መለሱለት።

ወጣቱ ጥሩ ነው የሚወርደው፤ ከእኔ ይበልጣል። መጀመሪያ በራሱ ጣውላ ወረደና ከእኔ ድንጋይ አልፎ ገብሱ ጠርዝ ላይ ቆመ። አባቴን አላየኋቸውም፤ ማየት አልፈለግሁም። ከዚያ በእኛው አረንጓዴ ጣውላ ወረደ። ከራሱ ድንጋይ ትንሽ መለስ ብሎ ቆመ። በልቤ ይሁን አልኩ፤ ፋብሪካ ነው፣ ምን ይደረግ። እሱ ግን ሁለቱን እያፈራረቀ መውጣት መውረዱን ቀጠለ። ፀሐዩ በረታ። የፋብሪካው ጣውላ በወረደ ቁጥር እየዘገየ መጣ። የእኛ አሸዋ እንደ በረሃው አሸዋ ክብ አይደለም፤ ስለታም ነው፣ ሰሙን ይፍቀዋል። የእኛ ጣውላ ግን መጀመሪያ የቆመበት አካባቢ ደጋግሞ መቆሙን አልተወም። በመጨረሻ ወጣቱ ላቡን እየጠረገ መጣና የአረንጓዴውን ጣውላ ሆድ ዳሰሰ።

"ምንድን ነው የቀባሽው?"

"ሰፈፍና ሻማ።"

"ሰፈፍ? የጠጅ ሰፈፍ?"

"የጠጅ ሰፈፍ።"

ሳቀና ጣውላውን ወደ እኔ ገፋ አደረገው። "እባክሽ የእኔንም ቀቢልኝ።" የፀጉር ማድረቂያ እዚያ የለም፤ ፀሐይ ላይ አሙቄ በጨርቅ አሸሁለት። ሲወርድ ከራሱ የመጀመሪያ ድንጋይ አልፎ ገብሱ ውስጥ ገባ። ገበሬው ከማሳው ዳር "ኧረ ገብሴን!" እያለ ሲጮህ ወጣቱ እጁን ዘርግቶ ይቅርታ ይለምናል፣ ፊቱ ግን ሁለመናው ሳቅ ነው።

ይህን ሁሉ ስንል አባቴ ከድንጋያቸው ተነስተው አረንጓዴውን ጣውላ በብብታቸው ይዘው ዳገቱን ጀምረዋል።

"አባዬ፣ የት ነው?"

"ልይ ብያለሁ እኮ።"

"ከታች ሆነው ነው እንጅ የሚያዩት!"

"ከታች አየሁ። አሁን ከላይ ልይ።"

ሮጬ ደረስኩባቸው። ሊመልሳቸው የሚችል ሰው አልነበረም። ቆመው እንዳይወርዱ ብቻ ለመንኳቸው። ተቀመጡበት፤ ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ አሰርኩላቸው፣ ከዘራቸውን ተቀበልኩ፣ ማሰሪያውን አስያዝኳቸው። "በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ" አሉና በእጃቸው አሸዋውን ገፉ።

ወረዱ። የአባቴ ነጭ ጋቢ በዚያ ጥቁር አሸዋ ላይ እየተውለበለበ ሲሄድ ከዘራቸውን እንደያዝኩ ከኋላቸው ሮጥኩ። ታች ሊደርሱ ሲሉ ጣውላው ዞረና ሁለት ጊዜ ተንከባለሉ። እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም፤ ስደርስ በጀርባቸው ተጋድመዋል፣ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። የሚያለቅሱ መሰለኝ። እየሳቁ ነው። አባቴን እንዲያ ሲስቁ አይቼ አላውቅም፤ ጥርሳቸው ሁሉ አሸዋ ሆኗል።

"ቀኝ ጎኑ ይጎትታል" አሉኝ ትንፋሻቸው ሲመለስ። "ጠርዙን ትንሽ ማንሳት አለብን።"

"እናነሳዋለን አባዬ። ተጎዱ እንዴ?"

"ምን ይጎዳኛል! የገዛ ጣውላችን ላይ?"

ያን ማታ እናቴ ከጋቢያቸው እጥፋት አሸዋ ስታራግፍ "በዚህ ዕድሜዎ!" እያለች ተቆጣች፤ ቀጥላ ደግሞ "እንዴት ነው ግን? ሆድ ያላውሳል?" ብላ ጠየቀች።

ጠርዙን አነሳነው። ወጣቱ ከባሕር ዳር ጓደኞቹን ይዞ ተመለሰ፤ እንድንሠራላቸው አዘዙን። ጓደኛዬ ፀጉር ቤቷን ከሰዓት ዘግታ ከዓረብ አገር የተመለሱ ሴቶችን ይዛ ትመጣለች። ለአብዛኞቹ በረሃ ማለት ከመስኮት የሚታይ ነገር ብቻ ነበር። አሁን እየጮኹ ይወርዳሉ፣ እየጮኹ ይወጣሉ፣ ማንም ዝም በሉ አይላቸውም። ገበሬው ለገብሱ አጥር ሠርቶ ከአጥሩ ላይ ሆኖ ማን እንደሚሻል ይፈርዳል። ክረምት ሲገባ አሸዋው ይረጥባል፤ ያኔ ሥራ ቤት ቁጭ ብዬ የሚቀጥለውን በጋ ጣውላ እሠራለሁ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ሰው አልጋ ሊያዝዝ መጣ። በር ላይ ከተደረደሩት ጣውላዎች አንዱን አንስቶ "ይህ ደግሞ የምን ክፍል ነው? የአልጋ ራስጌ ነው?" ሲል አባቴን ጠየቃቸው። እኔ ውስጥ ነበርኩ፤ የሚሉትን ለመስማት ብርጭቆ ወረቀቴን አቆምኩ።

"አይደለም" አሉት። "እሱ የልጄ ሥራ ነው። በእሱ ጉዳይ እሷን አነጋግራት፤ ከእኔ በላይ ታውቃለች።"

ወጣሁና ሰውየውን አነጋገርኩት።